መነጽሬን ረሳሁ

ጥር 4፣ ማክሰኞ

ማይኩ ሲያፏጭብን ዋለ። የድምፅ ሠራተኛው ገመዱን ቢነቅል፣ ቢሰካ... አልሆነም። እሑድ የመሪዎች ትምህርት ይጀመራል፤ አስተማሪው እኔ። ለተከታታይ እሑዶች፣ ከሰዓት በኋላ። ሽማግሌዎች፣ ለዲያቆንነት የታጩት ከነባለቤቶቻቸው፣ መዘምራን፣ ሁሉም ይመጣል። «የአመራር መርሆዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ» ብዬዋለሁ። ርዕሱ ደረቅ ነው ትላለች ባለቤቴ። «ገና ስሰማው እንቅልፌ መጣ።» እሷ ምን ታውቃለች? ፋርማሲ ቆማ የምትውል ሴት።

ዋናው መጋቢ ልባቸው ስላስቸገራቸው በቅርቡ ያርፋሉ። ዛሬ ጠሩኝና፣ «ሽማግሌዎቹ የያዙት ያንተን ስም ነው» አሉኝ። «እንደ ጌታ ፈቃድ» አልኩ፣ አንገቴን ሰብሬ። ከቢሮአቸው ወጥቼ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ሰው ባያየኝ ኖሮ እጨፍር ነበር። ስንት ዓመት ምክትል ሆኜ!

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ ኖሯል። «እጅህን አታወናጭፍ፤ ትራፊክ ፖሊስ መሰልክ» አለች።

ጥር 6፣ ሐሙስ

አናጢው ቢሮ መጣ። መድረኩንም፣ የምንቀመጥባቸውን አግዳሚዎችም የሠራው ሰውዬ። ገብቶ በሩን ራሱ ዘጋው። ለዲያቆንነት ከታጩት አንዱ ነው።

«መጋቢ፣ ስሜን ያውጡልኝ» አለ።

«ለምን ጋሼ? ከእርስዎ የሚሻል ከየት ይመጣል?»

ባርኔጣውን ሲያዞር፣ ሲያዞር... «ማንበብ አልችልም።»

ዓይኑ የደከመ መሰለኝ። ሁልጊዜ ጥቅስ አንብብ ሲሉት «መነጽሬን ረሳሁ» ስለሚል፣ ወጣቶቹ «ጋሽ መነጽሬ» ነው የሚሉት። የዓይን ሐኪም እንዳገናኘው የፈለገ መስሎኝ ነገሩን ጀመርኩ። አቋረጠኝ።

«ዓይኔ ደህና ነው። ፊደል ነው የሌለኝ። መነጽር የሚባልም የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ።»

ሚስቱም አታውቅም። ከእራት በኋላ መዝሙረ ዳዊት ያነብላታል... በቃሉ! በሬዲዮ ሲሰማ የያዘውን። ገጹን እየገለጠ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ። ዕድሜ ልካቸውን።

«ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ እዚሁ ይቀራል» አልኩት። አብረን ጸለይን። እጄን ሲጨብጠኝ አመመኝ፤ መዳፉ ሻካራ ነው።

ከወጣ በኋላ ብቻዬን ስገረም ቆየሁ። ገጹን እየገለጠ! ለስብከት የሚሆን ነገር ነው።

ጥር 9፣ እሑድ

የመጀመሪያው ትምህርት። ጢሞቴዎስ። የመሪ ብቃቶች፦ የማይነቀፍ፣ ልከኛ፣ ቤቱን በደንብ የሚያስተዳድር... አልሞቀም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሰዓቱን ሲያይ፣ የመዘምራኑ መሪ ስታዛጋ። አንዱ ሽማግሌማ አንኮራፋ፤ እንዲያው ሳያፍር። ሁሉም ሰምቷል፣ ሁሉም ያልሰማ መሰለ።

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ከሳቅ ጋር እየታገለች፣ «ርዕሱን ነግሬህ ነበር» አለችኝ።

ምን ጎደለ? ሰው ምሳሌ ይፈልጋል። ሳቅ ይፈልጋል። የሚመጣው እሑድ አሳያቸዋለሁ።

ጥር 16፣ እሑድ

ተሳካ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እንባውን በመሐረብ ሲጠርግ አይቻለሁ። ሲወጡ እጄን ያልጨበጠኝ የለም። «እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር!»

ስለ ግብዝነት ነበር። መሪ ያልሆነውን አይመስልም የሚል።

...

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ማስታወሻዬ ላይ አልነበረም። ፊታቸው ሲቀዘቅዝ አየሁና ከአፌ ወጣ። «አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይይዛል፣ ገጽ ይገልጣል። አንብብ ሲሉት መነጽሬን ረሳሁ!» ሳቁ። ሳቁ ጣመኝ። ቀጠልኩ። «ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ በቃሉ ያነበንብላታል። እሷ ምስኪን ባሌ አነበበልኝ ትላለች!» መጽሐፌን ዘቅዝቄ ያዝኩ፣ ጣቴን በምራቄ አርሼ ገጽ ገለጥኩ። ከኋላ አንድ ወጣት «ጋሽ መነጽሬ!» ብሎ ጮኸ። አንገት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ።

እዚያው ነበረ። ከሚስቱ ጋር፣ አጠገብ ለአጠገብ። እሱም ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ ጉልበቱን እየመታ።

እሷ አልሳቀችም። እጁን ነበር የምታየው። መጽሐፉን የያዘበትን እጅ።

ጥር 17፣ ሰኞ

ስም አልጠራሁም። እውነትም አልጠራሁም። «አንዳንዱ» ነው ያልኩት። በዓለም ላይ ስንት ማንበብ የማይችል ሰው አለ!

ባለቤቴ ሻይ እየቀዳች፣ «ማን ነው?» አለች።

«ማን?»

«ገጽ ገላጩ።»

«ማንም አይደለም። ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌ ሚስት አለው እንዴ?»

ስኒውን አስቀምጣ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ።

«ነግሮህ ነው አይደል? እሱ ራሱ ነግሮህ።» ስኒዬን ወደ ራሴ ሳብኩ። «እኔ እዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የዚህን ሰፈር ሰው ገመና ሁሉ አውቃለሁ። ማን ምን እንደሚውጥ፣ ለምን እንደሚውጥ። አንድ ቀን ቤት ይዤ መጥቼ አውቃለሁ? ለአንተ ለባሌ እንኳ?»

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ወጣቶቹ «ጋሽ መነጽሬ» እንደሚሉት ረስቼው ነው ልላት አስቤ ነበር። ረስቼው ነው? ... አልረሳሁም። ሊያውቁት እንደሚችሉ አውቅ ነበር። ለዚያች ሳቅ ስል አለፍኩት።

ጥር 19፣ ረቡዕ

የእሑዱን ትምህርት ቀረጻ በስልክ ሲቀባበሉት ነው የዋሉት። ሰብሳቢው ደወለ። «ልጆቼን ሰብስቤ አሰማኋቸው፤ በሳቅ ሞቱ! የመሪነቱ ነገር አልቋል በለው፤ ማንም አይከራከርም።» አመሰገንኩ። አመሰገንኩ! ስልኩን ስዘጋ ጆሮዬ ይግል ነበር።

ጥር 20፣ ሐሙስ

የአናጢው ባለቤት ልብስ መተኮሻ ቤት አላት። የእሑዱን ኮቴን የተኮሰችው እሷ ናት። ጠዋት ሄድኩ። እንፋሎቱ ሱቁን ሞልቶት ነበር። ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ቀድማ አስተናገደች። ቆሜ ጠበቅኩ።

«መጋቢ፣ የሚተኮስ አለዎት?»

«የለኝም። ስለ እሑዱ...»

«ጉባኤው ደስ ብሎታል። ሳቅ ጥሩ ነው።» ካውያውን በሸሚዝ ኮሌታ ላይ ወዲያ ወዲህ... «ያንን ቦታ ድገምልኝ ስለው፣ አንዴ የተነበበ ይበቃል ይለኝ ነበር። ቁጡ ነው እል ነበር። ለካ ቦታውን አያውቀውም።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አሁን እራት ሲበላ ቀና አይልም። በልቶ ይነሳል። መጽሐፉን የት እንዳደረገው እንጃ። እኔ መዝሙሩን ነበር የምወደው፤ የእሱን ድምፅ። ማንበቡን መች ጠየቅኩት?» ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «ዋሸኝ፣ እሺ። እሱን እኔና እሱ እንጨርሰው ነበር። እርስዎ መሐላችን ምን ያደርጋሉ?»

ኮት ለብሼ እንደ ሕፃን ቆምኩ። ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ወጣሁ።

ጥር 23፣ እሑድ

የመጨረሻው ትምህርት። ቦታቸው ባዶ ነበር። ሰው ግን ከወትሮው በዝቷል። ሊስቁ ነው የመጡት። ገና መድረኩ ላይ ስወጣ ፈገግ ፈገግ።

ትምህርቱ ከሕዝቅኤል ነው፤ ካዘጋጀሁት ቆይቷል። መንጋውን ትተው ራሳቸውን ስላሰማሩ እረኞች። ጮማውን ስለበሉ፣ ጠጉሩን ስለለበሱ። የደከመውን ስላላጸኑ፣ የተሰበረውን ስላልጠገኑ። ማስታወሻዬ ዳር ላይ «ድምፅ ከፍ» ብዬ ጽፌአለሁ። ድምፄ ከየት ይምጣ? አንድ በግ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ስብራቱን አሳየኝ። እኔ ደግሞ አርጄ ለጉባኤ አቀረብኩት። በልቼም አበላሁ።

በአጭሩ ጨረስኩ። «አሞት ነው» አሉ። አዎ ብያለሁ። ሌላ ውሸት።

ጥር 25፣ ማክሰኞ

ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም። መሬቱ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሳንቃ እየላገ ነበር። አይቶኛል፤ መላጊያውን ግን አላቆመም።

«ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። አደራዎን ነው የበላሁት።»

ሸርርር... ሸርርር...

«እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ በጉባኤው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። እዚያው ያዋረድኩዎት ቦታ።»

አሁን አቆመ።

«ምን ብለህ?»

አንተ አለኝ። ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር። ልክ ነው፤ ልጁ እሆናለሁ።

«ምን ብለህ ነው የምትጠይቀኝ? ያ ያሾፍኩበት፣ ማንበብ የማይችለው ሰውዬ እሱ ነው፣ ይቅር በለኝ ብለህ? ያልሰማው እንዲሰማ?»

«እኔ ልዋረድ ብዬ...»

«አንተማ አትዋረድም። ያለቅሱልሃል። እንዴት ያለ ትሑት መሪ ነው ይላሉ። እሱንም ይቀርጹታል።» የላገውን ሳንቃ አንስቶ በአንድ ዓይኑ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከአፍህ አውጣኝ።»

መላጊያውን አነሳ።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። መድረኩን ለእሱ ነው የፈለግኩት? ለእኔ ነው። ልቀልል ብዬ ነው። ንስሐዬም ውስጥ ጭብጨባ ፈልጌ...

ጥር 26፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ለዋናው መጋቢ «አሉ»፣ «ጠሩኝ»። ለአናጢው «አለ»፣ «መጣ»፣ «ሰውዬ»። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ ማንም በማያየው ቦታ ግን... ባለቤታቸውንም እንደዚያው። በዕድሜ ከዋናው መጋቢ አያንሱም እኮ! መድረኩ ላይ ያመለጠኝ መስሎኝ ነበር። አላመለጠኝም። እዚህ ሲጻፍ የከረመ ነው።

ጥር 29፣ ቅዳሜ

የድምፅ ሠራተኛውን ለመንኩት፤ ቀረጻውን አጠፋልኝ። እያዘነ። «ከሠራኋቸው ሁሉ ንጹሕ ድምፅ የወጣልኝ እኮ እሱ ነው መጋቢ። ሳቁ ሁሉ ለብቻው ጥርት ብሎ!» ሰው ስልክ ላይ ያለውን ግን ማን ያጠፋዋል? ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች ሲያዳምጡት ሰማሁ። የራሴ ድምፅ። ሳልደርስ ወረድኩ።

የካቲት 3፣ ረቡዕ

የሽማግሌዎች ስብሰባ። ሹመቱ ሊጸድቅ። እጄን አወጣሁና፣ «እኔ አልሆንም» አልኩ።

መጀመሪያ ትሕትና መሰላቸው። ሰብሳቢው እየሳቀ፣ «ሙሴም እንዲሁ ብሎ ነበር» አለ።

«ትሕትና አይደለም። አደራ በልቻለሁ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ገንዘብ ነው?» አለ ሰብሳቢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ለእኛ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነው?»

ከአፍህ አውጣኝ ብለውኛል። ብናገር ስማቸው እንደገና ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ነው። ለእነዚህ፣ እንባቸው እስኪመጣ ለሳቁት! «አልናገርም» አልኩ። ሰብሳቢው ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲህ የማይነገር ከሆነ...» አለና አልጨረሰውም። ሁሉም በየልቡ ጨረሰለት።

የካቲት 5፣ ዓርብ

ዋናው መጋቢ ቤታቸው አስጠሩኝ። ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ከስተዋል።

«ሴት ነው?»

«አይደለም አባቴ።»

«ደህና። ሌላውን አልጠይቅህም።» ብርድ ልብሱን እየሳቡ፣ «የበደልከውን ሰው ይቅርታ ጠይቀሃል?»

«ጠይቄአለሁ።»

«እና?»

«ይቅር አላሉኝም።»

«ይቅር ማለት ግዴታቸው ነው እንዴ? ቶሎ እንዲሉህስ ማን ቀጠሮ ሰጠህ?» መድኃኒታቸውን ውኃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ውጠው፣ «ጴጥሮስም ከካደ በኋላ በጎቼን ጠብቅ ተብሏል» አሉ። ልቤ ዘለለ። ቀጠሉ፣ «ግን መጀመሪያ ዶሮው ሲጮህ ሰምቶ ወጥቶ አልቅሷል። አንተ መጨረሻውን ብቻ አትይዝ።»

የካቲት 14፣ እሑድ

በእኔ ፈንታ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ወጣት ወንጌላዊ ዋና መጋቢ ሆኖ ተሾመ። እጃችንን ስንጭንበት የእኔም እጅ ነበረ። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጻፍ? ... አላለኝም። ቀናሁ። የእኔ ወንበር እኮ ነበር! እዚህ እንኳ አልዋሽ።

እኔ በሽተኛ መጠየቁን ተረከብኩ። ማይክ የማያስፈልገው ሥራ ነው።

የካቲት 17፣ ረቡዕ

ወሬው ዓይነት በዓይነት ሆኗል። አንዱ የሕንፃ ማሠሪያውን በላ ይላል። ሌላው ሁለተኛ ቤት አለው። ሰላምታ የሚሰጡኝ ሰዎች እጃቸው ቀለለብኝ። ትናንት አንዲት በሽተኛ ልጠይቅ ሄጄ፣ ልጇ በሩ ላይ፣ «እናቴ ተኝታለች» አለችኝ። እናቷ ከውስጥ ስትስል ይሰማል።

ባለቤቴ ከሥራ ስትመጣ ሳቀችም፣ ተናደደችም። «አንዱ ደንበኛ፣ ባልሽ ስንት ወሰደ አለኝ!»

«ምን አልሽው?»

«የሆድ መድኃኒቱን ሰጥቼ ሸኘሁት።»

ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንድ ቃል ብትናገር እኮ ይበተናል።»

«አውቃለሁ።»

«አልናገርም ነው የምትለው።»

«ሲስቁባቸው እሳቸውስ ምን ተናገሩ?»

ራሷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ጥር ላይ ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ማታለል አልፈልግም፤ በወሬው ተቃጥያለሁ። ልብሴን አስተካክዬ ወጥቼ፣ በየበሩ እያንኳኳሁ ሌባ አይደለሁም ማለት ያምረኛል። እሳቸው ያን እሑድ ከአዳራሹ ወጥተው ቤታቸው ድረስ እንዴት ሄዱ? በየትኛው መንገድ? እትዬ ከጎናቸው ሆነው... ምን እየተባባሉ? ይኼን አስቤው አላውቅም ነበር።

የካቲት 28፣ እሑድ

መጡ። ሁለቱም። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ጀርባቸውን እያየሁ ምንም ስብከት አልሰማሁም።

አዲሱ መጋቢ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ልጅ ነው፤ ምንም አያውቅም። ማይኩን ይዞ በአዳራሹ መሐል እየሄደ ሰው ያስነብባል። እሳቸው ጋ ደረሰ። «ጋሼ፣ መዝሙሩን ያንብቡልን።»

ወጣቶቹ አቀረቀሩ። እኔ ተነስቼ ነበር፤ ልነጥቀው፣ ላነብላቸው። ዞር ብለው አዩኝ። ተቀመጥኩ።

ማይኩን ተቀበሉ። «ማንበብ አልችልም ልጄ» አሉ። ድምፃቸው በስፒከሩ አዳራሹን ሞላው። «እሷ ታነባለች።» ለባለቤታቸው ሰጧቸው።

አነበቡ፤ ቀስ እያሉ፣ እየተደናቀፉ። መሐል ላይ አንድ መስመር ዘለሉ። «ዘለልሽ» አሏቸው እሳቸው፣ በማይኩ። ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «ታዲያ አንተ ተቀበላ!» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጉልበታቸውን ሳይመቱ። እትዬም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። አልተቆጣሁምም። እሳቸው በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው ቀን ተናገሩት። እኔ ከነጠቅኳቸው ነገር አንዱ ይኸው ነበር፤ ዛሬ ነው የገባኝ።

መጋቢት 10፣ ዓርብ

የጸሎት ክፍሉ በር ከማጠፊያው ወልቆ ስለነበር ጋሼ ሊሰቅሉት መጡ። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ አዩኝ። «ና እስቲ ያዝልኝ» አሉ። ስሜንም፣ ማዕረጌንም አልጠሩም።

በሩን በትከሻዬ ደግፌ ቆምኩ። ድፍን ሳንቃ ነው፤ ይከብዳል። «ወደ ላይ። ትንሽ ተጨማሪ። በቃ! አሁን እንዳትነቃነቅ።» ብሎኑን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አጠበቁ። ላቤ በአንገቴ ወረደ። አልተነቃነቅኩም።

«ስላንተ የሚወራውን እሰማለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከብሎኑ ሳያነሱ።

«እህ።»

«ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?»

«ልነግራቸው አልችልም ጋሼ።»

መፍቻውን ይዘው ቆሙ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኩም። በሩን ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ ለእኔም ቦታ ለቀቁልኝ።

ነገር አጫወቱኝ። የራሳቸውን ነገር፤ ከፊደሉ ጋር የማይገናኝ። ቀላል አይደለም። ሰማሁ። ምክር አልሰጠሁም፣ ጥቅስ አልጠቀስኩም። ሲጨርሱ ሰጋቱራውን ከሱሪያቸው አራግፈው ተነሱ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ትከሻዬን አይታ፣ «ይህ ሁሉ አቧራ ምንድን ነው? ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አለች።

«በር ሰቀልን» አልኳት።

እዚህም የምጽፈው ይኸው ነው። በር ሰቀልን።